ልብ ሲወጠር

የልብ የላይኛው ክፍል ደም በዝቶበት ሲለጠጥ ሰው ሽንቱ ይበዛል። ነገሩ ይኸው ነው። ሐኪሞች ካረጋገጡት ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የሕክምና ተማሪ ይማረዋል፣ ይፈተንበታል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ምዕራፍ ያልፋል። እኔ ግን ቁጭ ተብሎ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ይመስለኛል። ልብ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ፍቅር ነው፣ ጀግንነት ነው፣ ቂም ነው፣ እምነት ነው። ሽንት ደግሞ ሰው ዞር ብሎ የሚወጣው፣ በጨዋ ፊት ስሙ የማይነሣ ነገር ነው። አንዱ በደረት ውስጥ ከብሮ ተቀምጧል፤ የሌላው ምንጭ በወገብ ግራና ቀኝ ከጀርባ ተደብቋል። እነዚህ ሁለቱ፣ ልብና ኩላሊት፣ ይነጋገራሉ። በየደቂቃው ይነጋገራሉ፤ ስንተኛም፣ ስንነሣም፣ ስንጸልይም።

ይህን ለማሰብ እንፍራንዝን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ አዲስ ዘመንን አልፎ፣ ማክሰኝት ሳይደርስ የሚያገኛት ከተማ ናት። አብዛኛው ሰው በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። ሐተታ በተባለው መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ግን ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ከስደት በኋላ የኖረው፣ ሒሩት የተባለችውን ሴት ያገባው፣ ሀብቱ የተባለውን ሰው ልጆች ያስተማረው፣ እ.ኤ.አ. በ1667 መጽሐፉን የጻፈው እዚህ ነው። መጽሐፉ በእርግጥ የእርሱ ነው ወይስ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጣልያን ካቶሊክ ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1920 የሚሲዮናዊው ነው አለ፤ ሌላው ተመራማሪ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ረጅም ዘመን ደክሞ የዘርዓ ያዕቆብ መሆኑን ተሟገተ። እኔ መጽሐፉን የእንፍራንዝ አድርጌ ነው የማነበው። ዛሬ የሚያስፈልገኝም ከውስጡ አንድ ድፍረት ነው።

ዘርዓ ያዕቆብ የወር አበባን ርኩስ የሚለውን የኦሪት ሕግ ተቃውሟል። ሴት ልጅ በተፈጥሮዋ የተቀበለችውን ነገር ፈጣሪ መልሶ ርኩስ ሊለው አይችልም፤ እንዲህ ያለው ሕግ ከሰው የመጣ እንጂ ከፈጣሪ ጥበብ የመጣ አይደለም ብሎ ነው የተከራከረው። አንድ የአገራችን ሊቅ ስለ ፈጣሪ መኖር፣ ስለ እውነትና ስለ ሐሰት በሚመረምርበት መጽሐፍ ውስጥ ከሰውነት ስለሚወጣ ፈሳሽ ሳያፍር ጽፏል ማለት ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ፈቃድ ነው። የወር አበባ በፍልስፍና መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ካገኘ ሽንትም አያጣም።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። ዘርዓ ያዕቆብ የንጉሡን ቁጣ ፈርቶ ከአክሱም ሲሸሽ የያዘው ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ነበር። በተከዜ በኩል ባገኘው ዋሻ ውስጥ፣ አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 እስኪሞቱ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ያህል ያንን ዳዊት እየደገመ ኖረ። ዳዊት የደገመ ሁሉ እንደሚያውቀው መዝሙረኛው ልብንና ኩላሊትን አጣምሮ ይጠራቸዋል፤ ፈጣሪ ሁለቱን እንደሚመረምርም ይናገራል። የጥንቶቹ ሰዎች ስለ ሽንት አስበው አይደለም ሁለቱን ያጣመሩት፤ የሰው ስውር አሳብና ምኞት ማደሪያ አድርገው ነው። ቢሆንም በዋሻ ውስጥ ልብና ኩላሊትን በአንድ እስትንፋስ ሲጠራ የኖረ ሰው፣ ኋላ ላይ እነዚህ ሁለት አካላት በእርግጥ መልእክት እንደሚለዋወጡ ቢነገረው ብዙ የሚገረም አይመስለኝም። እንዴት ታወቀ ብሎ ይጠይቅ ነበር እንጂ።

እንዴት እንደ ታወቀ ልንገራችሁ።

ዘርዓ ያዕቆብ ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1628፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ደም ከልብ ወጥቶ በሰውነት ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ያስረዳበትን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉን ለንጉሥ ቻርልስ ሲያበረክትም ልብን ከንጉሥ፣ ንጉሥንም ከልብ ጋር አመሳሰለ። ይህ አመለካከት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከእንፍራንዝ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ አፄ ሠርፀ ድንግል በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት አለ። ከዚያ ላይ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው ሜዳውንና ጣናን ከፊቱ ተዘርግተው ያያል። ንጉሥ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሁሉን ያያል፤ ያዝዛል። ልብንም ከሃርቪ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ያየነው በዚሁ ዓይን ነው። ልብ ይገፋል፤ ሌላው አካል ይቀበላል። ኩላሊትም የወረደለትን ደም የሚያጥብ ሎሌ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 ሁለት ነገሮች ሆኑ። ኦቶ ጋወርና ጄምስ ሄንሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር አንድ ውሻ በማደንዘዣ አስተኝተው በግራ በኩል ባለው የላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ትንሽ የጎማ ፊኛ አስገቡ። ፊኛው ሲነፋ ደም ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያልፍበትን በር በከፊል ይዘጋዋል። ደም ይጠራቀማል፤ ስሱ ግድግዳ ይወጠራል። የውሻው ሽንት ጨመረ። ፊኛውን ሲያስተነፍሱት ሽንቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ከልብ ወደ አንጎል ወሬ የሚያደርሰውን ቬገስ የተባለ ነርቭ በቅዝቃዜ ሲያደነዝዙት ደግሞ ፊኛው ቢነፋም ሽንቱ አልጨምር አለ። መንገዱ ተገኘ ማለት ነው። የልብ መወጠር በነርቩ በኩል ለአንጎል ይነገራል፤ አንጎልም ሽንት እንዳይበዛ የሚይዘውን ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል። ይህ የነርቭ መንገድ በሰው ላይ እንደ ውሻው ብርቱ እንዳልሆነ ኋላ ታውቋል።

በዚያው ዓመት ብሩኖ ኪሽ የተባለ ተመራማሪ የጊኒ ፒግ ልብ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት በላይኞቹ ክፍሎች ጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን ጥቋቁር ቅንጣቶች አየ። በታችኞቹ ክፍሎች ግን የሉም። እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች የሚታዩት ሆርሞን ሠርተው በሚያከማቹ ዕጢዎች ውስጥ ነው። ልብ ምን ሊያደርጋቸው ነው? ለሃያ አምስት ዓመት ያህል መልስ አልተገኘለትም።

መልሱን ያገኘው አርጀንቲና ተወልዶ በካናዳ ኪንግስተን ከተማ ይሠራ የነበረው አዶልፎ ዴ ቦልድ ነው። ቅንጣቶቹ እንስሳው በሚያገኘው የውሃና የጨው መጠን እንደሚበዙና እንደሚያንሱ አስቀድሞ አስተውሎ ነበር። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። የአይጥ ልብ የላይኛውን ክፍል ብቻ ለይቶ አደቀቀ፣ አጣራ፣ ጭማቂውን በሌላ አይጥ የደም ሥር ወጋ። አይጧ በደቂቃዎች ውስጥ ሽንቷን መልቀቅ ጀመረች፤ በሽንቷ የሚወጣው ሶዲየም ከሠላሳ እጥፍ በላይ፣ የሽንቱም መጠን አሥር እጥፍ ያህል ሆነ። ከልብ የታችኛው ክፍል የተዘጋጀው ጭማቂ እንዲህ አላደረገም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ታተመ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ንጥረ ነገሩ ተለይቶ ወጣ፤ ሃያ ስምንት አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው። ኤ.ኤን.ፒ. ይሉታል።

የዚያን ቀን ልብ ዕጢም እንደ ሆነ ታወቀ። ለእኔ በዚህ ምርምር ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው። ሰው በሺህ ዓመታት ውስጥ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲምልበት፣ ሲዘፍንለት፣ ሲያለቅስለት የኖረው አካል ጨውና ውሃን የሚመለከት መልእክት ውስጡ ተሸክሞ ኖሯል፤ ማንም ሳይጠይቀው።

መልእክቱ ኩላሊት ሲደርስ የሚሆነውን በአጭሩ ልበል። የአዋቂ ሰው ኩላሊቶች በቀን መቶ ሰማንያ ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚያ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ገደማ ብቻ ወደ ሽንት ፊኛ ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ደም ይመለሳል። ኤ.ኤን.ፒ. ደም ወደ ማጣሪያው የሚገባበትን ቧንቧ ያሰፋል፣ የሚወጣበትን ያጠብባል፤ ስለዚህ የሚጣራው ይጨምራል። ጨው መልሶ የሚመጠጥበትን መንገድ ያዳክማል፤ ጨው በሄደበት ውሃ ይከተላል። ጨው ያዙ የሚሉትን ሌሎች ሆርሞኖች፣ ሬኒንና አልዶስትሮንን ዝም ያሰኛል። ከዚያም ራሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ልብ መወጠሩን ካላቆመ እንደ ገና ይልካል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ልብ ስለ ውሃ ምን ያውቃል? ምንም አያውቅም። የጠጣነው ጠላ ይሁን የምንጭ ውሃ አያውቅም፤ ስንት ጣሳ እንደ ሆነም አያውቅም። ወጣችን ጨው በዝቶበት እንደ ሆነ የሚነግረው የለም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደ ተወጠረ። ያ መወጠር ራሱ ዕውቀቱ ነው። ዓይን ከሩቅ ሆኖ ያያል፣ ጆሮ ከሩቅ ይሰማል፤ የልብ ላይኛው ክፍል ግን የሚያውቀውን ነገር ራሱ ላይ ሲጫን ነው የሚያውቀው። ከጉዛራ ኮረብታ ላይ ሆኖ ሜዳውን የሚቃኝ ንጉሥ እንዲህ አያውቅም። እንዲህ የሚያውቀው ጆንያ ተሸክሞ ከጀልባ የሚወርድ ሰው ነው፤ ክብደቱን ሚዛን ሳይሆን ጀርባው የሚነግረው።

ቦታውንም ልብ በሉ። መልእክቱ የሚነሣው ደም ከሚረጭበት ከታችኛው ብርቱ ክፍል አይደለም። ደም ደክሞ ከሚመለስበት፣ ግድግዳው ስስ ከሆነው፣ ከሚቀበለው ክፍል ነው። ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የዞረ ደም ሁሉ የግድ እዚያ ያልፋል። ስለ ሁሉ የሚናገር አካል ቢፈለግ የሚያዝዘው ሳይሆን ሁሉን የሚቀበለው ሆኖ ተገኘ። ይህን ከሃርቪ ንጉሥ ጋር አስተያዩት። ልብ ሰውነትን የሚያገለግለው በመግፋቱ ብቻ አይደለም፤ በመቀበሉና የመቀበልን ጫና በመናገሩም ነው። ለእኔ ከመግፋቱ ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ይበልጥ ያስከብረዋልም እላለሁ።

ነገር ግን እንዲህ ያለ ዕውቀት ድካም አለው። ጫናውን ያውቃል እንጂ የጫናውን ምክንያት አያውቅም።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን በገዛ ሰውነቱ አይቶታል። እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ የቆየ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሽንቱ ይመጣበታል። ብርዱ የራሱ ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን የውሃው ክብደት ነው። ውሃው እግርንና ሆድን ከውጭ ሲጫናቸው በዚያ ያለው ደም ወደ ላይ ይገፋል፤ እስከ ሰባት መቶ ሚሊ ሊትር የሚሆን ደም ተጨማሪ ወደ ደረት ይገባል። የልብ ላይኛው ክፍል ይወጠራል፤ ኤ.ኤን.ፒ. ይፈስሳል፤ ቫሶፕሬሲን ይቀንሳል፤ ኩላሊት ይለቃል። ሰውየው አንድ ጉንጭ ውሃ አልጠጣም። በሰውነቱ ያለው ውሃ ያው ነው፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ። ልብ ግን ውሃው በዛ ብሎ ያስባል፤ ያለውንም ያስወጣል። የጠፈር ተጓዦችም ክብደት በሌለበት ደማቸው ወደ ደረትና ወደ ፊት ስለሚሸሽ ሰውነታቸው ፈሳሽ ይቀንሳል። ልብ አልዋሸም። በእርግጥ ተወጥሯል። ስለ ራሱ የተናገረው እውነት ነው፤ ስለ ጠቅላላው ሰውነት ግን ተሳስቷል።

ዋናተኛው ከውሃ ሲወጣ ነገሩ ያበቃል። የማያበቃበትን ሰው ለማየት ሐኪም ቤት መግባት ያስፈልጋል።

በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ የያዘች ሴት አስታውሳለሁ። ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙ የሚያልፍ አልነበረም። ነርሷ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ በአውራ ጣቷ ተጫነቻት፤ ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፤ ቀስ ብሎ እየሞላ ነው የተመለሰው።

«እህቴ፣ ትንፋሽ ያጥርሻል?»

«ዳገት ሲሆን። አሁን አሁንማ እንጀራ ስጋግርም።»

«ሌሊትስ ሽንት ያስነሣሻል?»

ሴትዮዋ አቀረቀረች። ወንዶች አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። «እሱማ አያስተኛኝም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲመሽ እግሬ ያብጣል፤ ጧት ስነሣ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ትራስ ደራርቤ ነው የምተኛው።»

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ እስካሁን የጻፍሁት ሁሉ አለ። ቀን ስትቆም ትርፉ ውሃ በመሬት ስበት እግሯ ላይ ይጠራቀማል። ሌሊት ስትጋደም ያ ውሃ ወደ ደም ሥር ገብቶ ወደ ደረት ይመለሳል፤ የልቧ ላይኛ ክፍሎች ይወጠራሉ፤ መልእክቱ ይሄዳል፤ ኩላሊቷም ቀን የያዘውን ሌሊት ይለቃል። ትራስ የምትደራርበው ውሃው ወደ ሳንባዋ እየወጣ ስለሚያፍናት ነው። እግሯ ጧት የጎደለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህችን ሴት ያሳፈራት ነገር ከሰውነቷ ምልክቶች ሁሉ ግልጹ ነበር።

ሕመሟ በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነበር። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋ ይታመማል፤ ቶንሲል ነው ይባላል፤ ይተዋታል። ጉሮሮዋን ያሳመሙትን ተሕዋሲያን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነቷ መከላከያ ግን በስሕተት የገዛ ልቧን ይወጋል። ዓመታት ሲያልፉ በግራ ልብ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር ይጠነክራል፣ ጫፍና ጫፉ ይጣበቃል። በጤናማ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው በር አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ደሙ በዚያ ቀዳዳ ለማለፍ ይጨናነቃል፤ ከኋላው ያለው ክፍል ይለጠጣል፣ ይሰፋል።

እነ ጋወር በውሻው ልብ ውስጥ ፊኛ ነፍተው የሠሩት ይህንኑ ነበር፤ ያንኑ በር ዘጉት። ውሻው ሸና። ሴትዮዋስ ስለ ምን አበጠች? ልቧ ከውሻው ልብ በላይ ተወጥሯል፤ ኤ.ኤን.ፒ. በደሟ ውስጥ ከጤናማ ሰው በብዙ ይበልጣል፤ ሕጉ ቢሠራ ኖሮ ውሃው ሁሉ ቀኑን ሙሉ በሽንት መውጣት ነበረበት።

መልሱ ኩላሊት ላይ ነው። ኩላሊትም የራሱ ዕውቀት አለው፤ የራሱ ዕውቀትም እንደ ልብ ዕውቀት ካለበት ቦታ አይዘልቅም። የሚያውቀው ወደ እርሱ የሚደርሰውን ደም ብቻ ነው። በሩ ጠቦ ደሙ ወደ ፊት አልሄድ ሲል ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ያንሳል። ኩላሊት ደግሞ ደም ሲያንሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ደም ፈስሶታል፣ ወይም ውሃ ጠምቶታል። ቁስልና ጥም ሰውን ሲገድሉ በኖሩበት ዓለም ይህ ፍርድ ለብዙ ዘመን ትክክል ነበር። ስለዚህ ሬኒን ይለቃል፤ ጨው ይያዝ፣ ውሃ ይያዝ ይላል። ልብ ከላይ ሆኖ «ሞልቻለሁ፣ ልቀቅ» ይላል፤ ኩላሊት ከታች ሆኖ «ጎድሎብኛል፣ ያዝ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክርክሩ ለዓመታት ሲቀጥል የልብ ድምፅ ይሸነፋል፤ በመወጠር ብዛት የልብ ነርቮች ይደነዝዛሉ፤ ኩላሊትም ኤ.ኤን.ፒ.ን መስማት ይቀንሳል። ሌሊት፣ ሰውነት ሲጋደምና ለኩላሊት የሚደርሰው ደም ትንሽ ሲሻሻል ብቻ የልብ ቃል ጥቂት ይሰማል። ያች ሴት እንቅልፍ ያጣችው በዚያች ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ከዘርዓ ያዕቆብ ጋር መከራከር ግድ ይሆንብኛል። እርሱ ተፈጥሮን ያምን ነበር። የፈጣሪ ጥበብ በፍጥረቱ ሥርዓት ውስጥ ይነበባል፤ ይህን ሥርዓት የሚቃረን ሕግ ከሰው ነው ይል ነበር። ሰውነትን ከርኩሰት ነጻ ያወጣበት ክርክር የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ በዚያ እስማማለሁ። ነገር ግን ተፈጥሮ በዚህች ሴት ደረት ውስጥ ከራሷ ጋር ተጣልታለች። ከሥርዓቱ የወጣ አካል የለም፤ ልብ በሕጉ ሄዷል፣ ኩላሊት በሕጉ ሄዷል፣ ሴትዮዋ ግን በሁለቱ ታማኝነት መካከል እየሰጠመች ነው። ተፈጥሮ ጥበብ ናት ብሎ ዝም ማለት ለእርሷ መልስ አይሆንም።

ሆኖም ዘርዓ ያዕቆብ ራሱ መውጫውን ያመለከተ ይመስለኛል። ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ መቀበላቸውን አጥብቆ ይነቅፋል፤ መመርመር ድካም ስለሆነ እንደሚሸሹትም ይናገራል። እያንዳንዱ ካህን፣ እያንዳንዱ የሃይማኖት ወገን የያዘውን እውነት ብሎ ሲሟገት አይቷል፤ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያንና የአገሩ ሊቃውንት ጠብ ነው ለስደት የዳረገው። እርሱ የደረሰበት ብልሃት ከተከራካሪዎቹ አንዱን መምረጥ አልነበረም፤ ሁለቱ የቆሙበትን ቦታ መመርመር ነበር። የሰውነትም ጉዳይ እንዲሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ተፈጥሮ ለእያንዳንዱ አካል የቦታውን እውነት ሰጠችው፤ ሙሉውን እውነት ግን ለአንዳቸውም አልሰጠችም፤ ልብም አላገኘውም። በሰውነት ውስጥ ጉዛራ የለም፤ ሁሉን ከላይ የሚያይ የተቀመጠበት ኮረብታ የለም። ሙሉውን ማየት ለሚመረምር ሰው የተተወ ሥራ ነው፤ ለነርሷ አውራ ጣት፣ ለሐኪሙ ጆሮ፣ የልብን በር በሚያሳየው ኢኮ በተባለው መሣሪያ ፊት ለሚቀመጠው ሰው።

ሐኪም ሽንት የሚያስወጣውን ላሲክስ የተባለ መድኃኒት ሲያዝዝ የሚያደርገው ልብ ደጋግሞ ልኮት ያልተሰማውን ቃል ለኩላሊት በጉልበት ማሰማት ነው። ሬኒን የሚያስከትለውን የሚገታ መድኃኒት ሲሰጥ ደግሞ የኩላሊትን የጥም ፍርድ ያስተወዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኤ.ኤን.ፒ.ንና መሰሎቹን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም የሚከለክል ሳኩቢትሪል የሚባል መድኃኒትም መጥቷል፤ የልብን መልእክት በደም ውስጥ ያቆየዋል። የኤ.ኤን.ፒ. ዘመድ የሆነውና ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1988 መጀመሪያ ከአሳማ አንጎል ያገኙት ቢ.ኤን.ፒ. ደግሞ ዛሬ በደም ምርመራ ይለካል፤ ልብ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ በቁጥር ይነግራል። ልብ ለኩላሊት የጻፈውን ሐኪም መንገድ ላይ ጠልፎ ያነበዋል ማለት ነው። የጠበበው በር ግን በእነዚህ አንዱም አይሰፋም። በሩን የሚያሰፋው በደም ሥር ገብቶ እዚያው የሚነፋ ፊኛ ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። ጋወርና ሄንሪ በፊኛ የዘጉትን በር ሐኪሞች ዛሬ በፊኛ ይከፍቱታል፤ በሩ እንደ ተከፈተም የልብ ውጥረት ይረግባል፣ ኤ.ኤን.ፒ. ይወርዳል።

ይህ ሕክምና በአገራችን አለ፤ ነገር ግን ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ስንት ሕፃን እንዳዳነ ያዩ ያውቁታል፤ ወረፋው ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነም ያውቁታል። ከእንፍራንዝ እስከዚያ ያለው መንገድ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጣና ዳር ገጠር ለምትነሣ እናት ደግሞ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ስንቁ፣ ማደሪያውና የሚከተላት ሰው ይከብዳል። በዚህ ላይ ልናዝን ይገባናል፤ ልንቆጣም ይገባናል። በሩ ከመጥበቡ በፊት የሚያስፈልገው መድኃኒት ርካሽ ነውና። የሕፃን የጉሮሮ ሕመም በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ካገኘ የዚህን የልብ በሽታ መነሻ፣ የሩማቲክ ትኩሳትን፣ ይከለክላል፤ አንድ ጊዜ የታመመውንም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ፔኒሲሊን ልቡን ከተጨማሪ ጉዳት ይጠብቅለታል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ ጉሮሮውን ታሞ ትኩሳት ከያዘው ቶንሲል ነው ብለህ አትተወው፤ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው። መጋጠሚያው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ የሚያብጥና የሚቆረጥመው ልጅ ካየህም እንዲሁ አድርግ። እናታችሁ ወይም እህታችሁ ሌሊት ለሽንት ደጋግማ የምትነሣ፣ ማታ እግሯ የሚያብጥ፣ ትራስ ደራርባ የምትተኛ ከሆነች አፍራ ዝም እንዳትል ጠይቋት፤ ሐኪሙ ፊትም ስለ ሽንቷ አስቀድማ ትናገር። ወርኃዊ መርፌ የታዘዘለት ሰው ካለም ቀኑን አብራችሁ ቁጠሩለት፤ መርፌው ያለፈበት ወር ልቡን የሚያስከፍለው ወር ነው።